ጀልባ ያለበት ካርታ

ፍቅርአዲስ ክፍሉ ከመሃድ ጋር ድሬዳዋን ጥላ ለመሄድ ቀን በቆረጠችበት ሳምንት፣ የመሃድ እናት ካርታ ሊያስጥሉ ቤቷ ድረስ መጡ።

ከምሳ በኋላ ነበር። ድሬ በዚያ ሰዓት ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዱ ጫቱን ጠቅልሎ ወደ ጥላው ይገባል፣ የከዚራ ሰፈር ባጃጆች ሳይቀሩ ዛፍ ስር ተደርድረው ሾፌሮቻቸው እግራቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው ያሸልባሉ። ሚስጥር ያላት ሴት ካርታ ጣይ ቤት የምትመጣው እንግዲህ በዚህ ሰዓት ነው፤ የሚያያት የለማ። ፍቅርአዲስ በሩ ሲንኳኳ ከአልጋዋ ስር ብቅ ያለውን ሻንጣ በእግሯ ገፋ አድርጋ ሸሸገችና ሻሿን እያስተካከለች ወጣች።

በሩ ላይ የቆሙት ሴት ከዓይናቸው በቀር ሁለመናቸው በጥቁር ተሸፍኗል። ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርገው ቶሎ ገቡ። ካርታ የምታነበው አንቺ ነሽ ወይ ብለው ጠየቁ። አማርኛቸው ሶማሊኛ ሲናገር ያደገ ሰው አማርኛ ነው፤ ቃሉን ረገጥ ረገጥ እያደረገ ይሄዳል። ፍቅርአዲስ አዎ አለችና በረንዳው ላይ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ፊት አስቀመጠቻቸው። ማንነታቸውን አላወቀችም። ዓይናቸው ብቻ የሆነ ነገር አስታወሳት፤ ምን እንደሆነ ግን ልብ አላለችውም።

ካርታውን የወረሰችው ከአክስቷ ከጥሩወርቅ ነው። ጥሩወርቅ በልጅነታቸው እዚያው ከዚራ ለአንዲት ግሪካዊት ልብስ ይሰፉ ነበር፤ ሴትየዋ አገሯ ስትመለስ ስዕል ያለበትን ካርታዋን ትታላቸው ሄደች። አሁን ወጣቶቹ ስልካቸው ላይ ታሮት እያሉ የሚያዩት ያው እሱ ነው፤ የጥሩወርቅ ግን ጠርዙ የተላላጠ፣ በብዙ ሰው እጅ ላብ የለሰለሰ ወፍራም ወረቀት ነው። እናቷ በሕፃንነቷ የሞተችባትን ፍቅርአዲስን ያሳደጓትም እኚሁ አክስቷ ናቸው። «ካርታ አፍ የለውም» ይሏት ነበር። «የሚናገረው የመጣው ሰው ነው። አንቺ ካርታውን እያየሽ ሰውየውን አንብቢ።» እሳቸው ካረፉ በኋላ ሴቶቹ መምጣታቸውን አልተዉም። ፍቅርአዲስም ጠዋት ሕፃናት እያስተማረች፣ ከሰዓት በኋላ ካርታ እየጣለች ኖረች። አባቷ አቶ ክፍሉ፣ የድሮ የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ ነገሩን አይወዱትም። ከሰዓታቸውን ቤተክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያሳልፋሉ፤ ሲመለሱም እንዳላዩ ይሆናሉ።

«ለማን ነው የምጠይቅልሽ እናቴ?» አለች። ድሬ ላይ እናትን አንቺ ማለት ነውር አይደለም፤ አንቱታው ነው ሰውን እንደ እንግዳ የሚያርቀው።

ሴትየዋ ፊታቸውን ገለጡ። መልካቸው ገና አላረጀም፤ የአፋቸው ዳርና ዳር ግን ወደ ታች ወርዶ እዚያው ቀርቷል።

«እዚህ መምጣቴ ሐራም ነው» አሉ። «አውቃለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ሰው ሲጨንቀው የማያንኳኳው በር የለም። ለልጄ ነው። ሁለት ወንድ ነበሩኝ። አንዱን ባሕር ወሰደብኝ፤ ኢልዋድ ነበር ስሙ። አሁን አንድ ነው ያለኝ።»

የፍቅርአዲስ እጅ ካርታው ላይ ደረቀ። ኢልዋድ የሚለውን ስም ከመሃድ አፍ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ታላቅ ወንድሙ ነው። ከአባቱ ተጣልቶ፣ ምርቃት ሳይቀበል ወጥቶ፣ ጅቡቲ ገብቶ ከኦቦክ ወደ የመን ሲሻገር ከነጀልባዋ የሰጠመ፤ ሬሳው እንኳ ያልተገኘ። ያን ጊዜ ዓይኖቹ ማንን እንዳስታወሷት ገባት። የመሃድ ዓይኖች ናቸው። ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ሀሊሞ ናቸው፤ ስንት ዓመት በስም ብቻ ስትፈራቸው የኖረችው ሴት።

ተነስታ፣ እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ ወይ ልትላቸው አሰበች። ሳታስበው ግን ካርታውን መበወዝ ጀምራ ነበር።

ከመሃድ ጋር የተዋወቁት እዚችው በረንዳ ላይ ነው። አክስቱን ይዞ መጥቶ፣ ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ ቆየና ሴትየዋ እየሳቀች ስትወጣ ወደ ፍቅርአዲስ ጠጋ ብሎ ምን ብለሻት ነው እንዲህ ደስ ያላት አላት። መስማት የፈለገችውን አለችው። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ፤ ሲስቅ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፣ ሳቁን ሰው እንዳይቀማው የሚፈራ ይመስላል። በማግስቱ ብቻውን መጣ። በካርታ እንደማያምን፣ ካርታ የምትጥለውን ግን ማየት እንደሚፈልግ ነገራት። ከዚያ ወዲህ ያለው እንግዲህ የሁለቱ ነው። አማርኛ፣ ሶማሊኛና ኦሮምኛ በአንድ ትንፋሽ የሚቀላቅል፣ በአባቱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ቀኑን ሙሉ ከጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ጋር ሲከራከር ውሎ ማታ ለእሷ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነበር።

ነገሩ ከቤተሰብ ጆሮ ሲደርስ ሁለቱም ቤት ተዘጋ። አባቱ ኢስማዒል፣ ጅግጅጋ ያለችውን የአጎቱን ልጅ ናስቲሆን እንዲያገባ ሽማግሌ ላኩ። አቶ ክፍሉም፣ ቤተክርስቲያን ያልባረከው ጋብቻ በኔ ቤት አይገባም፣ እኔ ሞቼ ስትቀብሪኝ እንደፈለግሽ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ለምነው፣ አስለምነው፣ ጠብቀው ሲያቅታቸው መሃድ ሀዋሳ ካለ ጓደኛው ጋር ተነጋገረ። ሥራ አለ፣ ቤት አለ፣ አንቺም የእምነትሽ እኔም የእምነቴ ሆነን እንኖራለን አላት። ሐሙስ ንጋት ሊሄዱ ነው። ሻንጣዋም አልጋ ስር ነው።

እናም ከመሄዷ በፊት እናቱ መጥተው ፊቷ ተቀመጡ።

የበወዘችውን ካርታ በግራ እጃቸው አስቆረጠቻቸውና ሦስት ካርታ አወጣች። እንደ አክስቷ ሥርዓት የመጀመሪያው ያለፈው፣ መሃለኛው ያለው፣ የመጨረሻው የሚመጣው ነው።

የመጀመሪያው ሦስት ሰይፍ የተሰካበት ልብ ነበር። ይህን መተርጎም አላስፈለጋትም። ሀሊሞ ራሳቸው ጣታቸውን ልቡ ላይ አሳረፉ። ሁለተኛው ላይ ወንድና ሴት ራቁታቸውን ቆመው ከላያቸው መልአክ ክንፉን ዘርግቷል። ሀሊሞ ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ።

«ሴት አለች ማለት ነው?»

«አለች» አለች ፍቅርአዲስ።

«ጥሩ ሴት ናት?»

«ትወደዋለች። ካርታው የሚለው ይሄን ነው።»

ሦስተኛውን ገለበጠች። ጀልባ ነው። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ በረጅም እንጨት ውሃውን እየገፋ ይቀዝፋል፤ ፊቱ የተሸፈነች ሴት አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች፤ ስድስት ሰይፍ ጀልባዋ ውስጥ ቆሟል። ሀሊሞ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፉት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አክስቷ ይህን ካርታ ይወዱት ነበር። ከመከራ ወደ እረፍት መሻገሪያ ነው ይሉት ነበር፤ ሰይፎቹ ሐዘን ናቸው፣ ሐዘኑን ይዘው ነው የሚሻገሩት፣ ወዲያ ማዶ ውሃው የተኛ ነው። ፍቅርአዲስ ያወቀችውን ብቻ ብትናገር ኖሮ፣ ልጅሽ ይሄዳል፣ የሚሄደው ግን ወደ ሰላም ነው ማለት ትችል ነበር። ሀዋሳን አሰበች። ሐሙስን አሰበች። ቀና ብላ ሀሊሞን አየች፤ የሚያዩት ሀዋሳን ሳይሆን ሬሳ የሌለውን ልጃቸውን ነው።

«ይሄድብኛል?» አሉ። «እውነቱን ንገሪኝ ልጄ። ይሄኛውም ከሄደ እኔ የለሁም።»

ፍቅርአዲስ ጀልባዋን በጣቷ ገፋ አድርጋ ከሦስተኛው ቦታ አነሳችና ከልቡ ካርታ አጠገብ አስቀመጠቻት።

«ይሄ ያለፈው ነው» አለች። «ኢልዋድ ነው። ሐዘኑ አልወጣልሽም፣ ለዚህ ነው ደግሞ የመጣው። የቀረው ልጅሽ አይሄድም።»

«በአላህ?»

«በእግዚአብሔር።»

ሀሊሞ ትኩር ብለው አዩዋት። ካርታውን አይደለም፤ እሷን ነው። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጭንቅላቷን ያዙና በሶማሊኛ መረቋት። ከምርቃቱ የገባት ሁዮ የምትለው ቃል ብቻ ናት፤ እናት ማለት ነው፣ እናትም ልጇን ስታባብል የምትጠራበት። ተሸፋፍነው ሲወጡ ፍቅርአዲስ በሩን ይዛ ቆመች። በማለችበት አፍ የሚመጣውን ሐሙስ የገደለችው መሰላት፤ ጀልባ ያለበትን ካርታ ደግሞ ለማየት አልደፈረችም።

*

መሃድን ያገኘችው በዚያው ቀን ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው፤ ሁልጊዜ በሚገናኙበት፣ ከድሮው የባቡር ጣቢያ አጥር ወዲህ ባለው ጥላ ስር። ደስ ብሎታል። ስለ ሀዋሳው ቤት፣ ስለ መስኮቱ፣ ማታ ማታ ስለሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ያወራላታል። ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ቀዝቃዛ አየር ሲያወራ ስለ ገነት እንደሚያወራ ነው። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

ከቤት ስትወጣ ብዙ አስባበት ነበር። እናትህ መጡ ብትለው፣ ቤቱ ሄዶ እናቱን ሊናገራቸው ነው። ኢስማዒል ሚስታቸው ጠንቋይ ቤት ሄደች ሲባሉ የሚሉት ይታወቃል። ለካርታ የመጣች ሴት ሚስጥር ደግሞ አይወጣም፤ አክስቷ ያስማሏት በዚያ ነው። ከሁሉ በላይ ግን፣ እናትህ ይሞታሉ ብትለው መሃድ እንደማይሄድ ታውቃለች፤ ቀርቶም ዕድሜውን ሙሉ እናቱን እያየ እሷን እንደሚያስብ፣ እሷን እያየ እናቱን እንደሚወቅስ ታውቃለች። ጥፋቱ የእሷ ብቻ ቢሆን ይሻላል ብላ ቆረጠች። ሰው ሲጨንቀው የሚቆርጠው ነገር ሁሉ ጥበብ ይመስለዋል።

«አልሄድም መሃድ» አለችው።

ሳቀ፤ እጁ ወደ አፉ ሄደ። ከዚያ ፊቷን አይቶ እጁን አወረደ። ምን ተፈጠረ ብሎ ጠየቃት። አባትሽ ሰሙ ወይ አላት። አልሰሙም አለች። ታዲያ ምንድን ነው ሲላት፣ ከቤቷ ጀምራ ስትለማመደው የመጣችውን ተናገረች።

«ካርታ ጥዬ አየሁ። ጥሩ አይደለም። መንገዱ የኛ አይደለም።»

መሃድ ለጊዜው የሰማውን ያመነ አይመስልም።

«ካርታ? አንቺ እኮ ነሽ ካርታ አፍ የለውም ያልሽኝ።»

«ዛሬ ተናገረ።»

«ናስቲሆን አግባ አለኝ ካርታሽ?»

«አዎ» አለች።

አንድ ባጃጅ ሙዚቃዋን እያጮኸች አጠገባቸው አለፈች። መሃድ ወደ እሷ ጠጋ አለ። አልጮኸም። ቢጮኽ ኖሮ ይቀላት ነበር።

«አባትሽን ፈርተሽ ከሆነ ፈራሁ በይኝ። እግዜርን ፈርተሽ ከሆነም በይኝ። ፍርሃት ይገባኛል፣ እኔም እፈራለሁ። ይሄን ሁሉ ዓመት የጠበቅኩሽ ግን በወረቀት ልትሸጪኝ አይደለም።»

አንገቷን ደፋች። ቀና ብትል ዓይኗ ሁሉን እንደሚነግረው ታውቃለች፤ እሱ ካርታ ማንበብ አይችልም እንጂ እሷን ማንበብ ይችላል። መሬቱን እያየች ቆየች። ጫማው ዞሮ ሲሄድ አየች። ቀና ብላ ልትጠራው ስሙን አፏ ውስጥ ያዘችው፤ ስሙ ግን እዚያው ቀረ፣ እንደ ትኩስ ነገር እያቃጠላት።

*

ከዚያ በኋላ ስለ እሱ የምትሰማው በሰው በሰው ነበር። ሱቅ አይመጣም አሉ። ከዚያ መጣ አሉ። ለናስቲሆ ጥሎሽ እየተዘጋጀ ነው ተባለ። ፍቅርአዲስ ይህን ስትሰማ ሕፃናቱን መዝሙር እያስዘመረች ነበር፤ መዝሙሩን ሳታቋርጥ ጨረሰችው። ይኸው አልሄደም፣ ለእናቱ የማልኩት ሞላ ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች። ካርታውን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካችውም። ሴቶቹ ሲመጡ አሞኛል እያለች ትመልሳቸው ጀመር። ሻንጣዋም ከነልብሱ አልጋ ስር እንደተቀመጠ ነው፤ መፍታት ማለት ማመን ይሆንባታል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ አቶ ክፍሉ ግቢ ውስጥ ወንበር እየጠገኑ ሳለ፣ በሩ ተንኳኳ። ሀሊሞ ናቸው። በዚህ ሰዓት መንገዱ ሁሉ ሰው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ፊታቸውን አልሸፈኑም። አቶ ክፍሉን ሰላም ብለው አልፈው በረንዳው ላይ ወጡ፤ ባለጉዳይ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሳይሆን ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«አይሄድም ብለሽኝ ነበር» አሉ።

ፍቅርአዲስ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሀሊሞ ቀስ እያሉ ነገሯት። መሃድ ከሰርጉ በፊት አንድ ዕቃ አመጣለሁ ብሎ በአንድ የሚያውቀው ሾፌር መኪና ጅቡቲ ሄደ። ሾፌሩ ብቻውን ተመለሰ። ልጁ ኦቦክ ላይ ጀልባ ሲሳፈር ያየው ሰው አለ። ስልኩ ዝግ ነው። ያንኑ ባሕር፣ ወንድሙን የበላውን ባሕር መርጦ ሄደ።

በግቢው ውስጥ የአቶ ክፍሉ መዶሻ ጸጥ አለ።

«ዋሸሁሽ እናቴ» አለች ፍቅርአዲስ። ድምጿ የራሷ አልመስል አላት። «ጀልባዋ የሚመጣው ቦታ ላይ ነበረች። እኔ ነኝ ያነሳኋት። ማን እንደሆንኩም አልነገርኩሽም። ልጅሽ የሚወዳት እኔ…»

«አውቃለሁ።»

ቀና ብላ አየቻቸው።

«ስልኩ ላይ ፎቶሽን አይቻለሁ፤ ስንት ጊዜ። ካርታ ልጠይቅ ነው ብዬ መጣሁ እንጂ የመጣሁት አንቺን ልጠይቅ ነው። ልጄ ሊሄድ እንደሆነ አውቄአለሁ፣ የእናት ሆድ ያውቃል። ወዴት እንደሆነ ነው ያላወቅኩት። ባሕር ይሆን ብዬ ፈራሁ። በግልጽ ብጠይቅሽ ትሸሺኛለሽ ብዬ በካርታው በኩል መጣሁ። ከኔ ጋር ነው የሚሄደው ትይኛለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ። አንቺ ማልሽ።»

«ሻንጣዬን ሸክፌ ነበር፤ ሀዋሳ ነበር የምንሄደው። እንደዚያ ብልሽ ምን ትይኝ ነበር?»

ሀሊሞ ፊታቸውን ወደ ግቢው መለሱ።

«እንጃ። አለቅስ ነበር። እጮህብሽም ነበር፣ ልጄን ቀማሽኝ እልሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቀኑን እጠይቅሽ ነበር፤ ስንቅ ልቋጥርለት።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ሀዋሳ መሬት ነው ልጄ። መሬት ላይ ያለ ልጅ ያኮርፋል፣ ይናደዳል፣ ይመለሳል።»

ፍቅርአዲስ ማልቀስ ፈለገች፤ እንባው አልመጣም። ለአንቺ ስል ነው ያደረግኩት ልትል ቃጣትና አፈረች። ሀሊሞ ያላለችውን የሰሙ ይመስል ለኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ያ ነው የሚያቃጥለኝ አሉ። እኔም እውነቱን ደበቅኩ፣ አንቺም ደበቅሽ፣ በመሃላችን ልጁ ወደቀ አሉ። ለሰው መራራት አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ እጅ ለእጅ ሳይያያዙ የሚራሩ ሰዎች መሃል ያለውን ይጥሉታል።

ሀሊሞ እንባቸውን በሻርፓቸው ጠርገው፣ አሁን ጣይልኝ አሉ። በሕይወት ይኖር እንደሆነ ብቻ እይልኝ፣ ሌላ አልጠይቅሽም። ፍቅርአዲስ ገብታ ካርታውን አመጣች። በወዘችው። ሀሊሞ በግራ እጃቸው ቆረጡ። የመጀመሪያውን ልታነሳ ጣቷን ስታሳርፍ ግን እጇ አልታዘዛትም፤ ጀልባዋ ብትመጣ ምን ትላለች፤ ባትመጣስ ምን ትላለች። እውነትም ብትናገር ከእንግዲህ ማን ያምናታል፤ እሷስ ራሷን ታምናለች ወይ።

«አልችልም እናቴ» አለች።

ያኔ ነው ሁለቱም ያለቀሱት። አቶ ክፍሉ መዶሻቸውን አስቀምጠው ወደ በረንዳው መጡ። ሁሉን ሰምተዋል። ልጃቸው ሻንጣ ሸክፋ እንደነበረ፣ ከማን ጋር ልትሄድ እንደነበረ፣ ለምን እንደቀረች። ፍቅርአዲስ ቁጣ ጠብቃ ነበር። አባቷ ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዘው ለሀሊሞ በሁለት እጃቸው ሰጧቸውና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። አንድም ቃል አለመናገራቸው ከየትኛውም ቁጣ ይልቅ ልቧን አደቀቀው፤ አባቷ ማርጀታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ጎንበስ ብለው ሲሄዱ ነው።

*

ከዚያ ወዲያ ፍቅርአዲስ ከሥራ ስትወጣ ሀሊሞ ቤት መሄድ ጀመረች። ማንም ነይ አላላትም፤ ሀሊሞም ለምን መጣሽ አላሏትም። ስልኩን ምንጣፉ ላይ መሃላቸው አድርገው ይቀመጣሉ። አንዳንዴ ሀሊሞ ስለ ልጆቹ ያወሩላታል፤ ኢልዋድ ዝምተኛ እንደነበረ፣ መሃድ ግን በሕፃንነቱ ጥርሱ ሲወልቅ ሳቁን በእጁ መሸፈን እንደጀመረና ጥርሱ ከበቀለም በኋላ እንዳልተወው። አባትየው ኢስማዒል መጀመሪያ መጀመሪያ እሷ ስትገባ ተነስተው ይወጡ ነበር። በኋላ መውጣቱን ተዉት። ጥግ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፤ ዓይናቸው ግን እንደ ሴቶቹ ስልኩ ላይ ነው። የናስቲሆ ነገርም ሳይነሳ ቀረ፤ ልጅቷ ራሷ የማይፈልገኝን ሰው አልጠብቅም ብላ መላኳን ሰሙ።

የማያውቁት ቁጥር የደወለው አንድ ከሰዓት፣ የአሱር ሶላት ሳይደርስ ነው። ሀሊሞ አነሱት። አንድ ቃል እንደሰሙ በሁለት ጉልበታቸው ተነሱና እንደገና ተቀመጡ። የኢስማዒል መቁጠሪያ ከእጃቸው ወደቀ። ሶማሊኛው እንደ ዶፍ ይወርዳል፤ ለቅሶ ነው፣ ስድብ ነው፣ ምርቃት ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። ፍቅርአዲስ ከሩቅ የሚሰማው የመሃድ ድምፅ መሆኑን ለየች። በሕይወት አለ። ሀሊሞ መሃል ላይ በአማርኛ ጣል አደረጉላት፤ የመን፣ ዓደን ከተማ ነው፤ ታሞ ሰነበተ፤ ስልኩን ያዋሰው ሰው እየጠበቀ ነው። ተነስታ ልትወጣ አሰበች፤ ደስታው የእነሱ ነው፣ እሷ እዚህ ምን ትሠራለች ብላ። ሀሊሞ ቀሚሷን ይዘው አስቀመጧትና ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረጉት።

«ማነው?» አለ መሃድ።

ለስንት ሴት ቃል ስትፈልግ የኖረች፣ ለራሷ አንድ ቃል አጣች። ትንፋሿን ብቻ ሰማ። ወዲያ ማዶ ነፋስ አለ፤ የሰው ጫጫታ አለ። ዝምታው ሲረዝም አወቃት፤ ማወቁ ራሱ ተሰማት።

«ፍቅሬ» አለ። ከዚያ ድምፁ ደረቀ። «ካርታው ደግሞ ዛሬ ምን አለ?»

ሀሊሞ ንገሪው እንደማለት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ኢስማዒልም ከጥጋቸው ሆነው እያዩዋት ነው።

«ካርታው ምንም ብሎ አያውቅም» አለች። «ያልኩት እኔ ነኝ። እናትህ መጥተው ስለ ኢልዋድ ነገሩኝ፣ አሳዘኑኝ፤ አይሄድም ብዬ ማልኩላቸው። መሐላዬን ልጠብቅ ብዬ ነው የሰበርኩህ። አባቴንም አልፈራሁም፣ ናስቲሆንም አግባ ብዬ አልነበረም። አልወድህም አላልኩህም መሃድ። እሱን ብቻ አልዋሸሁም።»

ነፋሱ ብቻ ነው። ስልኩ የተቋረጠ መስሏት ከጆሮዋ ልታነሳው ስትል፣ ድምፁ ቀስ ብሎ መጣ።

«ሰማሁሽ» አለ።

ያ ብቻ ነው። ከዚያ እናቱን እንድታቀርብለት ለመናት፤ ስልኩም ወደ ሀሊሞ ተመለሰ፤ ሶማሊኛውም ቀጠለ። ፍቅርአዲስ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ተቀመጠች። ሰማሁሽ ማለት ይቅር አልኩሽ ይሆን፤ ወይስ ይበቃል፣ ከእንግዲህ አትናገሪ ነው፤ ወይስ ዝም ብሎ በባሕር ማዶ ያለ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። ስትገለብጠው፣ ስታዞረው፣ አንዴ ወደ ተስፋ አንዴ ወደ ሐዘን ስታስቀምጠው፣ ውጪ አዛን ተሰማ። ሀሊሞ አሁንም እያለቀሱ ያወራሉ። ለሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አንድ ትርጉም ሰጥታ በሸኘችው ነበር። ለራሷ ግን ያቺን አንዲት ቃል መፍታት አቃታት፤ ደረቷ ውስጥ እንደ ታሰረች ይዛት ተቀመጠች።